ከስክሪን ማዶ ያለውን ማን ያሳድገው?

ፈተና እየተቃረበ ስለሆነ ጊዜያችሁን ብዙ አንሻማም። ሆኖም ባለፈው ክረምት በእጃችን ያለፈ አንድ ጉዳይ አለ። ሳንናገረው ከግቢ ብንወጣ የሰው ሐቅ ይዘን የወጣን ያህል ስለተሰማን ልንጽፈው ተስማማን።

"እኛ" ስንል አራት ነን። አንድ ዶርም የምንኖር የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፤ ሁለታችን ኤሌክትሪካል፣ ሁለታችን ሶፍትዌር። አራታችንም በልጅነታችን ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ እየተማርን ነው ያደግነው። ይህን ያነሣነው ለወግ አይደለም፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበር ከመካከላችን አንዱ ሪሞት ሥራ ያገኘው። ሶፍትዌር የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ነው። ቢሮ የለውም፤ ሠራተኞቹ አዲስ አበባም፣ ክልልም፣ ውጭ አገርም ተበትነው ነው የሚሠሩት። እሱ ገባ፣ ለእኛም ተናገረልን፣ በሁለት ወር ውስጥ አራታችንም ገባን። አልሐምዱሊላህ፣ ደስታችን ቀላል አልነበረም። የታክሲ ወጪ የለም፣ ክላስ አይቀርም፣ አዛን ሲል ላፕቶፑን ዘግቶ መነሣት ነው። ከመካከላችን አንዱ የመጀመሪያ ክፍያውን ለእናቱ ሲልክላቸው "የት ሄደህ ሠርተህ ነው ልጄ?" ብለው ጠየቁት። "የትም አልሄድኩም እማ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው" ቢላቸው ለብዙ ጊዜ አላመኑትም።

መቼም ሥራው ያለ ችግር አይሄድም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። በመጀመሪያው ሳምንት "ስብሰባ በ3 ሰዓት" ተባልንና ጠዋት ታጥበን ተዘጋጅተን ላፕቶፕ ፊት ተደረደርን። ለካ እነሱ ያሉት የፈረንጁን 3 ሰዓት፣ የእኛን ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እነዚህን ሁሉ እየሳቅን አልፈናቸዋል። ቶሎ ያልገባን ችግር ሌላ ነበር።

ስምንት ወር ሠራን። በስምንተኛው ወር የምንሠራው ሥራ በመጀመሪያው ሳምንት ከሠራነው አይለይም ነበር። "ይቺ ቁልፍ አልሠራችም፣ አስተካክሉ። ፎርሙ ስህተት ያሳያል፣ እዩት።" አስተካክለን እንልካለን፤ የአውራ ጣት ምልክት ይመጣል። በቃ። ያቺ አውራ ጣት "ጥሩ ሠርታችኋል" ማለት ትሁን፣ "አይቼዋለሁ" ማለት ትሁን፣ "አሁን ተዉኝ" ማለት ትሁን ማናችንም አናውቅም። ደመወዛችን በሰዓቱ ይገባል፤ ስለዚህ ማጉረምረም ነውር መሰለን። ነገር ግን ማታ ማታ አልጋችን ላይ ሆነን አንድ ጥያቄ እንጠያየቅ ነበር፦ "ከዚህ ሥራ ነገ ብንወጣ፣ ስንገባ ከምናውቀው በላይ ምን አውቀን ነው የምንወጣው?"

ከአራታችን ጎበዙ አንዱ ወንድማችን ነው። እሱ እንዲደሰት ብለን አይደለም፤ ለፈተና ቁጭ ብሎ ሲያስረዳን ያደርን ስለሆንን እናውቃለን። በመጨረሻ ለእሱ ከበድ ያለ ሥራ ተሰጠው፤ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝ ነው። ሦስት ቀን ተጣበቀበት። ቢሮ ቢሆን ኖሮ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ፊቱን አይቶ "ምን ሆነሃል?" ይለው ነበር። በስክሪን የሚታየው ግን ስሙና አጠገቡ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ናት። አረንጓዴዋ ነጥብ አትጨነቅም፣ አታዝንም። ጥያቄ ይጽፋል፣ ይሰርዘዋል። ደግሞ ይጽፋል፣ ይሰርዘዋል። "ይህንንም አያውቅም ይሉኛል" ብሎ ፈራ። በአራተኛው ቀን ኃላፊው "እስካሁን ለምን አልተናገርክም?" አለው። መልስ አልነበረውም።

ከወር በኋላ ኮንትራቱ ሲያልቅ እንደማይታደስ የሚገልጽ ሁለት መስመር መልእክት ደረሰው። ምክንያት አልተጻፈበትም። ላይብረሪ ውስጥ ሆኖ ነው ያነበበው። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ላፕቶፑን ለአሳይመንት ካልሆነ አልከፈተም። "ችሎታ የለኝም ማለት ነው" ይላል፤ ሌላ አይናገርም። እኛ ሦስታችን ተናደድን። "እኛ መሪ ብንሆን በፍጹም እንዲህ አናደርግም" አልን። ይህችን ቃላችንን ያዙልን።

ክረምት ሲገባ የጀመዓችን የመጻሕፍት ማዋሻ ጉዳይ ተነሣ። መዝገቡ ደብተር ነው፤ ማን ምን ኪታብ እንደወሰደ አይታወቅም፤ ብዙ መጽሐፍም ጠፍቷል። እኛ ሦስታችን "ግቢ ሲከፈት አነስተኛ ሲስተም ሠርተን እናስረክባለን ኢንሻአላህ" ብለን ቃል ገባን። አራተኛው ወንድማችን "እኔን ተዉኝ" አለ። ስድስት የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። ሁሉም ለክረምት ወደየቤቱ ሄዷል፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ጅማ፣ አንዷ ወራቤ፣ አንዱ ሐረር፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፤ ሥራ አከፋፈልን። ሳናስበው እኛም የሪሞት ቡድን መሪዎች ሆንን።

ከስድስቱ አንዷ የሁለተኛ ዓመት እህታችን ናት። የውሰትና የመመለሻ ገጹን እሷ ወሰደች። በመጀመሪያው ሳምንት ሠርታ ላከች። ሥራው ጥሩ ነበር። እንዲያውም እኛ ያላሰብነውን አስባ ነበር፦ አንድ ሰው ሁለት ኪታብ ወስዶ አንዱን ብቻ ቢመልስ ምን ይደረጋል? ማሻአላህ ብለን እርስ በርሳችን ተደዋወልን፤ ሥራዋንም ወዲያው ሲስተሙ ውስጥ አስገባነው። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ላከች፤ እሱንም አስገባን። በሦስተኛው ሳምንት ምንም አልመጣም። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ማታ ግሩፑ ላይ አንዲት አጭር መስመር ታየች፤ ግሩፑን ለቃ ወጥታለች።

እኛስ ምን አልን? አንዳችን "የቤት ሥራ በዝቶባት ይሆናል" አለ። ሌላችን "ድሮም እህቶች አይዘልቁም" አለ። ይህን ስንጽፈው እናፍራለን፤ ግን የተባለው ይህ ነው። በሌላ እህት በኩል አስጠየቅናት። የላከችው መልስ ይኼ ነበር፦ "ሁለት ጊዜ ላክሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንም ምንም አላለኝም። ሥራዬ የማይረባ ስለሆነ እንዳላፍር ብላችሁ ዝም ያላችሁ መሰለኝ። ከማስቸግራችሁ ብዬ ወጣሁ።"

ሱብሓነላህ! ሥራዋ ከገባ ሳምንታት አልፈውታል። የሲስተሙ ምርጥ ክፍል የእሷ ነው። ይህን እኛ ሦስታችን እናውቃለን፤ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ማታ ለአራተኛው ወንድማችን ደወልንና ነገሩን አጫወትነው። ዝም ብሎ ሰማንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን። "ሥራዋን ስትልክላችሁ ምን አላችኋት?"

"ምንም" አልነው።

"እኔንም ያሉኝ እሱን ነው" አለን።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ነገሩን በቁም ነገር ያዝነው። ተማሪ ነንና መጀመሪያ ያደረግነው ማንበብ ነው። ጉዳዩ በጥናት የታየ መሆኑን ያወቅነውም ያኔ ነው። በቻይና ሲትሪፕ የሚባል ትልቅ የጉዞ ወኪል ድርጅት አለ። ኒኮላስ ብሉም የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር የድርጅቱን የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ለዘጠኝ ወር አጠኑ፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ፈቃደኛ ከሆኑት መካከል በዕጣ መሰል መንገድ ገሚሱ ከቤት እንዲሠራ፣ ገሚሱ ቢሮ እንዲቀር ተደረገ። ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ በለጠ፤ ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥርም በግማሽ ቀነሰ። እዚህ ድረስ ለሪሞት ሥራ ምሥክርነት ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ታየ፦ እኩል ውጤት ካለው የቢሮ ሠራተኛ ጋር ሲነጻጸር፣ ከቤት የሚሠራው የዕድገት ዕድሉ ያነሰ ነበር። ሥራው ይታያል፤ ሰውየው ግን አይታይም። በኋላ ምርጫው ለራሳቸው ሲሰጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የነበሩበትን ቀየሩ፤ ወደ ቢሮ ለመመለስ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱም ብቸኝነት ነበር።

እዚህ ላይ ፍትሕ ይኑረን። ርቀት ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። በዚያው ድርጅት፣ ስሙ ትሪፕ ዶት ኮም ከሆነ በኋላ፣ 1,612 ሠራተኞችን ያካተተ ሌላ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት፣ ሌላውን ቀን ቢሮ የሠሩት ሰዎች በዕድገት ወደ ኋላ አልቀሩም፤ ሥራ የሚለቀውም በሲሶ ቀነሰ። ስለዚህ "ሪሞት ሥራ ሰውን ይገድላል" የሚል ፈትዋ አንሰጥም። ዋናው ነገር ሰውየው የሚታይበት ጊዜና ቦታ መኖሩ ነው።

ይበልጥ የነካን ግን ናታሊያ ኢማኑኤል፣ ኤማ ሃሪንግተንና አማንዳ ፓላይስ የሚባሉ ሦስት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በአንድ ትልቅ ድርጅት የሶፍትዌር መሐንዲሶች ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። ከቡድናቸው ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩት፣ በሌላ ሕንፃ ከተበተኑት ይልቅ በኮዳቸው ላይ ብዙ አስተያየት ያገኙ ነበር። በኮቪድ ምክንያት ሁሉም ወደ ቤት ሲገባ ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ። መቀራረቡ ይበልጥ የጠቀመው ወጣቶችንና ሴቶችን ነበር። ልብ በሉ፤ እኛ "ድሮም እህቶች አይዘልቁም" ባልንበት ቦታ ላይ ጥናቱ የሚናገረው ሌላ ነው።

ጥናቱ አንድ ሐቅ አልደበቀም። አጠገብ ሆነው ታናናሾችን ያስተማሩት አንጋፋ መሐንዲሶች ራሳቸው የሚጽፉት ኮድ ቀንሷል። ማስተማር ከአስተማሪው ጊዜ ይቆርጣል። ለዚህ ነው ነገሩ በመልካም ፈቃድ ብቻ የማይሆነው። አለቃ የሆነ ሰው "ሰው አሳድግ" እያለ የሚለካው ግን በሚያስረክበው ሥራ ብቻ ከሆነ፣ ማንም ጊዜውን አውጥቶ ታናሹን አያስተምርም። የማስተማሪያው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት መቆጠር አለበት።

አሁን ወደ መድረሳው እንመለስ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍላችን ውስጥ ተማሪው ብዙ ስለነበር መምህሮቻችን ወረቀቱን በቁጥር ብቻ ይመልሱልን ነበር። ከ20 14 ይላል፤ ስድስቱ የት እንደወደቀ ራስህ ፈልግ ነው። አንወቅሳቸውም፤ ያን ሁሉ ወረቀት ማረም ቀላል አይደለም። መድረሳ ግን ሌላ ነበር። ቁርኣን ስንቀራ ኡስታዛችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙናል። "ዷድ"ን "ዳል" ብናስመስላት "ተመለስ" ይላሉ። እንመለሳለን። ደግመን ከተሳሳትን ራሳቸው ያሰሙናል፤ ምላሳችን የት መንካት እንዳለበት ያሳዩናል። ተማሪው ሲበዛባቸው ትልልቆቹ ደረሶች ታናናሾቹን ያዳምጣሉ። ሳያሰማ ወደሚቀጥለው ሱራ የሚያልፍ የለም። አለንጋውን አንናፍቅም፤ "ተመለስ" የምትለውን ቃል ግን ናፈቅናት። አንድ ሰው እየሰማህ እንደሆነ የምታውቀው በእሷ ነው።

"ኡስታዝ ፊት ለፊት ነው፤ ሪሞት ግን ሩቅ ነው" የሚል ይኖራል። ይህንን እኛም አስበነዋል። ግን ዑለሞቻችን የርቀትን ነገር ከእኛ በፊት አስበውበታል። በሙስጠለሑል ሐዲስ ትምህርት ሐዲስ ከሸኽ ወደ ተማሪ የሚተላለፍባቸው መንገዶች ተዘርዝረዋል፤ በ643 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢብኑ ሰላሕ ስምንት አድርገው ይቆጥሯቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ፊት ለፊት የሚደረጉ ናቸው፤ ከሸኹ አፍ መስማትና በሸኹ ፊት ማንበብ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሙካተባ የሚባል አለ፤ ሸኹ ሩቅ ላለ ተማሪ ጽፎለት፣ ወይም አስጽፎለት የሚልክለት ነው። በመጨረሻ ዊጃዳ ይመጣል፤ ተማሪው ከሸኹ ሳይቀበል፣ የሸኹን ጽሑፍ አግኝቶ ከዚያ መውሰዱ ነው። ሁለቱም ወረቀት ናቸው። ግን አንደኛው "ለአንተ" ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ሌላው የተገኘ ነው። ዑለሞች ሁለቱን እኩል አላደረጓቸውም።

ይህን የምናነሣው ኮድን ከሐዲስ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ አዑዙቢላህ። ነገር ግን የሪሞት ሥራ ችግር እዚህ ጋ ወለል ብሎ ታየን። ያ ድርጅት ብዙ ሰነድ ነበረው፤ "ሁሉም ተጽፏል፣ አንብቡ" ይሉን ነበር። እኛም ለታናናሾቻችን መመሪያ ጽፈን ግሩፑ አናት ላይ ሰክተናል። ያ ዊጃዳ ነው። የጎደለው ሙካተባ ነበር፤ ሥራህን አይቶ፣ ስምህን ጠርቶ፣ ለአንተ የሚጽፍልህ ሰው። ሪሞት ድርጅቶች ሰነድ መጻፋቸው መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ግዴታ ነው። ጊትላብን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዲሚትሪ ዛፖሮዤትስ በሚባል ዩክሬናዊ የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፤ ሠራተኞቹ በብዙ አገር ተበትነው ያለ ቢሮ እየሠሩ በ2021 በኒውዮርኩ ናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ለመግባት በቅቷል። የሥራ መመሪያውን ማንም እንዲያነበው ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ ሠራተኛ በየደረጃው ምን እንደሚጠበቅበት እዚያው ተጽፏል። ሆኖም በዚያው መመሪያ ውስጥ ኃላፊው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ለብቻ የሚያደርገው ውይይት ቦታ አለው። ሰነድ ሰውን አይተካም።

እኛስ ምን ቀየርን? ክረምቱ ሳያልቅ ያደረግናቸውን እንዘርዝር፤ ለሚጠቅመው ይጥቀም።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የታወቀ ሰው መደብን። "ቡድኑ ያያል" የሚባል ነገር ቀረ፤ ሁሉም የሚያየውን ማንም አያየውምና። ለእህቶች አንዲት የአምስተኛ ዓመት እህት ለምነን አስገባን፤ ከእኛ የተሻለ ሠራችው። ሥራ ከተላከ በሁለት ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ይሰጣል፤ አውራ ጣት መልስ አይደለም ተባለ። መልሱ ሦስት ነገር ይኖረዋል፦ የቱ ጋ ጥሩ እንደሆነ ቦታውን ጠቅሶ፣ ምን መስተካከል እንዳለበት ከነምክንያቱ፣ ቀጥሎ ምን ቢሞክር ጥሩ እንደሆነ።

ሁለተኛ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለብቻ የስልክ ውይይት አደረግን። በዚያ ሰዓት ስለ ሥራው አይጠየቅም። ምን መማር ትፈልጋለህ? ምን ሰለቸህ? ምን አስቸገረህ? ወሬውን የሚመራው ታናሹ ነው። ከሐረር ያለው ወንድማችን ላፕቶፕ እንደሌለውና በስልኩ እየጻፈ እንደነበር ያወቅነው በዚህ ውይይት ነው። አንድ ወር ሙሉ "ለምን ያዘገያል?" ስንል ነበር።

ሦስተኛ፣ መጠየቅን ክብር አደረግነው። አንድ ሰዓት ከተጣበቅህ የሞከርከውን ጽፈህ ግሩፑ ላይ ጠይቅ አልን። ማንም አልጠየቀም። ምክንያቱ ኋላ ገባን፤ እኛ ራሳችን ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ ግሩፑ ላይ የምንታየው ሁሉን አዋቂ ሆነን ነው። ስለዚህ የራሳችንን ስህተት እዚያው ማውጣትና መጠየቅ ጀመርን። በሳምንቱ ጥያቄ ጎረፈ።

አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ከችሎታው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሥራ ሰጠን፤ ግን ብቻውን አልተውነውም። ስክሪን እያጋራን አንድ ላይ ተቀምጠን እንጽፋለን። መብራት የጠፋበት እንዳይቀርበት የተወሰነውን ሁሉ በአጭር ጽሑፍ እናስቀምጣለን። ለጀመዓው ሹራ ሪፖርት ስናቀርብም ሥራውን የሠራውን ሰው ስም እየጠራን ነው፤ "ቡድኑ ሠራ" ብለን አናልፍም።

ዋጋ ከፍለናል ወይ? አዎ። ሲስተሙን ለማስረከብ ከገባነው ቃል ሦስት ሳምንት ዘገየን። አንዳንድ ወንድሞች ተቆጡን፤ መቆጣታቸው ልክ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው መንገዳችን ቀጥለን ቢሆን በሰዓቱ እናስረክብና፣ ሲበላሽ የሚያስተካክል ሰው ሳይኖር እኛ ተመርቀን እንሄድ ነበር። አሁን አምስት ልጆች ሲስተሙን ከነአንጀቱ ያውቁታል።

ያ ወንድማችንስ? የታናናሾቹን ሥራ የሚያየው አሁን እሱ ነው። "ጊዜ የለኝም" ያለው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሳንጠራው ገባ። አንድ ልጅ ለላከው አምስት መስመር ኮድ ሁለት ገጽ መልስ ሲጽፍ አየነው። "ቀንስ፣ ታስፈራዋለህ" ብንለው ሳቀ፤ ግን ቀነሰ። ላፕቶፑ አሁን ሌሊትም ክፍት ነው፤ ይህኛውን ክስ ደግሞ ሌላ ቀን እናቀርባለን።

እህታችንን ይቅርታ ጠየቅናት። "አፉ በይን" ብቻ አላልንም፤ ሥራዋ ምን እንደነበረ፣ የቱ ጋ እንደሚገኝ፣ ለምን ጥሩ እንደሆነ አንድ በአንድ ጽፈን በእህቶች በኩል ላክን። እንዲህ ብላ መለሰች፦ "ጀዛኩሙላህ ኸይር፤ አፉ ብያለሁ። ግን አሁን ሌላ ነገር ይዣለሁ።" አልተመለሰችም። እንድትመለስ አልጫንናትም። ኪታብ ስትዋሱ የምታዩት ገጽ የእሷ ሥራ ነው፤ በፈቃዷ ይህን እንድትናገሩላት ሳይሆን እንድታውቁት ጻፍነው።

ለእናንተ ሁለት ነገር ብለን እንጨርስ። ለኢንተርንሺፕም ይሁን ለቋሚ፣ ሪሞት ሥራ ስታገኙ ስለ ክፍያው ብቻ አትጠይቁ። "ሥራዬን የሚያይልኝ ማነው? በስንት ቀን መልስ ይሰጠኛል? ከስድስት ወር በኋላ ምን እንድችል ትፈልጋላችሁ?" በሉ። መልስ ከሌላቸው ገንዘቡ ቢያስፈልጋችሁ ግቡ፤ ግን ዕድገታችሁን ከሌላ ቦታ እንደምታገኙት አውቃችሁ ግቡ። ሥራችሁንም በየሳምንቱ መዝግቡ፤ ዝም ያላችሁ ሰው ችሎታ እንደሌላችሁ ነገራችሁ ማለት አይደለም። የእኛ ወንድም አንድ ሴሚስተር የከሰረው ይህን ሳያውቅ ነው።

ሁለተኛው ለእኛ ለታላላቆቹ ነው። በየግሩፑ ኃላፊ ያልሆነ የለም፤ የደዕዋ፣ የቱቶሪያል፣ የሒሳብ፣ የጽዳት። ሥራ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ታናሽ በስልካችሁ ውስጥ አሁንም ይኖራል። ይህን ጽሑፍ አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ፈልጉትና ሁለት መስመር ጻፉለት። "ተመለስ" ቢሆን እንኳ ጻፉለት።

አላህ ከሚተራረሙት ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።